ሰባት ሆነን ወጣን

ካልጋሪ፣ ፓይንሪጅ
የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድምዓለም የሺጥላ፣

እንዴት ከርመሃል? ወገብህ ተሻለህ? ሚስትህና ልጆችህስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ ገብቶልናል፤ ታደሰ በየጠዋቱ መኪናውን እንደ ሙሽራ ይለማመጠዋል። ልጃችን ናሆሚም ደህና ናት። ሠላሳ ዓመት ሞላት፣ ዛሬም እኔ ቤት ስታድር ካልሲዋን የምሰበስበው እኔ ነኝ። በስልክ ስናወራ እኔ እጮኻለሁ፣ አንተ ታለቅሳለህ፣ ስለዚህ በደብዳቤ ይሁን ያልከው አንተ ነህ። ይኸው በእጄ ጽፌ፣ በስልኬ ፎቶ አንስቼ ልኬልሃለሁ። ጽሑፌ አልነበብ ካለህ መነጽርህን ቀይር።

አዎ፣ የመጽሐፉ ረቂቅ ደርሶኛል። እንዴት አገኘሽው ላልከኝ፣ አቅለሸለሸኝ።

በጨዋ ደንብ ልመልስልህ ብዬ ሁለት ቀን ታገሥኩ፤ አልሆነልኝም። ለመሆኑ ይህ በፋሲካ እራት ላይ የሚነበብ ሐጋዳ ነው ወይስ የሱቅ ወረቀት? ሽፋኑን ስገልጥ መጀመሪያ ያገኘሁት ሙሴን አይደለም። የኮሚቴያችን ሊቀመንበር ነው፤ ክራቫቱን አስሮ፣ እጁን አጣጥፎ፣ ከነጥርሱ። ዐሥሩን መቅሠፍትስ አይተኸዋል? ከጓጉንቸሩና ከቅማሉ መካከል ጌዲዮን የሚባል የካስልሪጅ ቤት አሻሻጭ ተቀምጧል። «ከባርነት ወጥተዋል፤ ከኪራይስ መቼ ይወጣሉ?» ይላል፣ ከነስልክ ቁጥሩ። የበኩር ልጆች ሞት ገጽ ግርጌ ላይ ደግሞ የጥርስ ሐኪም አለ። ገጹን ገልጬ እጄን ታጠብኩ ብልህ አጋነነች ትለኛለህ፤ ግን ታጥቤአለሁ።

ይህን ሁሉ ዋጥኩት። ከዚያ የአባባ ትረካ ጋ ደረስኩ።

ናሆሚ «ማሚ፣ ግራንድፓ ሐጋዳ ጽፎ ነበር እንዴ?» ብትለኝ የነገርኳትን ለአንተም ልድገመው፣ የረሳኸው ይመስላልና። አባታችን የቤተ እስራኤል ቄስ ነበር። አገር ቤት ሐጋዳ የሚባል መጽሐፍ አልነበረንም፤ የፋሲካ ዕለት የመውጣቱን ነገር ከኦሪት በቃሉ ይተርክልን ነበር። እስራኤል በገባን ዓመት የዕብራይስጡን ሐጋዳ ሲሰጡት አገላብጦ አየና «ይህ የእነሱ መውጣት ነው፤ የእኛንስ ማን ይተርከዋል?» አለ። ሰማያዊ ደብተር ገዝቶ በሱዳን በኩል በእግር የመጣንበትን ጻፈ፣ በየዓመቱም አነበበው። ደብተሩ አንተ ጋ ነው። ካልጋሪ ያለነው ጥቂት ቤተሰቦች ሐጋዳ እናሳትም ስንል ገጾቹን የላክህልን አንተ ነህ።

አባባ የጻፈውን እንደ ስሜ አውቀዋለሁ። «ሰባት ሆነን ወጣን። ልጄ ትብለጥ በመንገድ ሞተች፣ በእጄ ቀበርኳት። እናቴና ሕፃኑ ማኑ በሱዳን ካምፕ ሞቱ። አራት ሆነን ገባን።» መጽሐፉ ግን «ስድስት ሆነን ወጣን» ይላል። ትብለጥ የለችም። ሞቷም፣ መቃብሯም፣ ስሟም የለም። የአራት ዓመት ልጅ መቃብሯ እንኳ የት እንደሆነ አናውቅም፤ ያላት ያ አንድ መስመር ነበር።

መጽሐፉ መጋቢት 20 ማተሚያ ቤት ይገባል። ሚያዝያ 4 በዳውንታውኑ ሆቴል አዳራሽ የአባባን ትረካ የምታነበው ናሆሚ ናት። ደብተሩ አንተ ጋ ስለሆነ ስሟን አንተ አስመልስ። ለማስታወቂያ ቦታ ከተገኘ ለእኅታችንም አይጠፋም።

እኅትህ ፀሐይነሽ


ነታንያ
የካቲት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ እኅቴ ለፀሐይነሽ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናሽ እንደምን አለሽ? ታደሰስ ደህና ነው? ፈጣሪ ከዚያ ብርድ ይጠብቃችሁ። ወገቤን ለጠየቅሽኝ ደህና ነኝ፤ ሲቀመጡ ያማል፣ ሲቆሙ ይተዋል። ዘግይቼ በመጻፌ ይቅርታሽን እለምናለሁ። ልጆቹ ቤት ሲቀያየሩ ዕቃ በማጓጓዝ ሰነበትኩ።

ስለ ማስታወቂያው ያልሽው እውነት ነው፣ እኔም አፍሬአለሁ። ሊቀመንበሩ ማሳተሚያ የተገኘው በዚያ ነው ስላሉኝ አፌን ይዤ ተቀመጥኩ። የጥርስ ሐኪሙን እንኳ ወደ መጨረሻው ገጽ ቢወስዱት ጥሩ ነበር።

ሌላውን ነገር በተመለከተ፣ ሲተየብ የተዘለለ ነገር ይኖር ይሆናል። ጽሑፉን ያስተየበችው እሌኒ ናት አይደል? የካናዳ ልጅ ስለሆነች የአባባ እጅ ጽሑፍ አስቸግሯት ይሆናል። ብትጠይቂያትም ባትጠይቂያትም ግን አንድ መስመር ነው፣ ፀሐዩ። አንዳንዴ የቆየ ቁስል አለመንካት ይሻላል።

አንቺን ሳስብ ይገርመኛል። አባባ ክርስቲያን አገባሽ ብሎ ዐሥራ አራት ዓመት ድምፅሽን ሳይሰማ ሞተ። አንቺ ግን ለጻፈው ቃል ከሁላችንም በላይ ትቆረቆሪያለሽ። እግዚአብሔር ዋጋሽን ይክፈልሽ። ጉልበትሽን እንዴት አደረገሽ? ያ መድኃኒት ጠቀመሽ ወይ?

ወንድምሽ የሺጥላ


ካልጋሪ
መጋቢት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

የሺጥላ፣

ጉልበቴ ደህና ነው። ጉልበቴን ተወው።

እሌኒን ጠየቅኳት። ከሥራ ወጥቼ በሲ-ትሬን ዳውንታውን ሄድኩ፤ በዚያ በመስታወት ድልድይ ከፎቅ ወደ ፎቅ ተሻግሬ ቢሮዋ ገባሁ። ምስኪን ልጅ፣ ስታየኝ ምሳዋን ሳትጨርስ ተነሳች። እኔም ጭቃ በነካው ቦቲ ምንጣፋቸው ላይ ቆሜ «ማን ፈቀደልሽ?» አልኳት።

«እትዬ ፀሐይነሽ፣ ፕሊዝ ቁጭ ይበሉ። እኔ ምንም ነገር ቼንጅ አላደረግኩም። ጋሼ የሺጥላ ስካን አድርገው የላኩትን ነው አዝ ኢዝ፣ እንዳለ ያስተየብኩት። ልይልዎት? ፋይሉ እዚሁ አለ።»

ኮምፒውተሯን ወደ እኔ አዞረችው። የአባባ ቀለም ደብዝዟል፣ ግን ይነበባል። «ልጄ ትብለጥ» ከሚለው ላይ ከዳር እስከ ዳር በጥቁር እስክሪብቶ ተሰምሮበታል። «ሰባት» ተሰርዞ ከላዩ «ስድስት» ተጽፏል። የ«ድ»ን እግር እንደዚያ የሚያጥፍ በምድር ላይ አንተ ብቻ ነህ።

«ኢዝ ኤቭሪቲንግ ኦኬ?» አለችኝ። ኦኬ ነው አልኳት። ልጅቷን ይቅርታ ጠየቅኳት፣ የተረፈ ምሳዋን ብዪ አልኳት፣ ወጣሁ። ባቡር ላይ ተቀምጬ መውረጃዬን አልፌ ሄድኩ።

አንጀቴን ያንገሸገሸው መሰረዝህ ብቻ አይደለም። በሰው ልጅ ማላከክህ ነው። የስልሳ ዓመት ሽማግሌ፣ የቄስ ልጅ፣ ሰንበት የማትዘል ሰው፣ ያንን ሁሉ ሰላምታ ደርድረህ፣ ወገቤ ጉልበትሽ ብለህ፣ መሐል ላይ አንዲት የማታውቃትን ልጅ ጠቆምክ። ደብዳቤህን ሳነበው ጣፍጦኝ ነበር። አሁን ቋቅ ይለኛል።

ለምን ሰረዝካት? በአንድ መስመር መልስልኝ። ሰላምታ አልፈልግም።

ፀሐይነሽ


ነታንያ
መጋቢት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

እኅቴ፣

የሰረዝኩት እኔ ነኝ። እሌኒን ስለጠቆምኩ አፈርኩ፤ ለእሷም ጽፌ ይቅርታ ጠይቄአለሁ።

ደብተሩን ለመላክ ሳዘጋጀው እዚያ መስመር ላይ ስደርስ እስክሪብቶ አነሳሁ። አባባ እስካነበበው ድረስ የእሱ ቃል ነበር። በእኔ እጅ አልፎ ሲታተም ግን የእኔም ቃል ይሆናል። ትብለጥን ከሙታን ጋር አድርጌ ማሳተም አልችልም። ለምን አትበይኝ። የአባባ አጥንት ይረፍበት። ቃል የገባሁት ለእሱ ነው።

የፈለግሽውን ስደቢኝ፤ ይገባኛል። ናሆሚ የታተመውን ታንብብና በሰላም እንለፈው። እለምንሻለሁ።

የሺጥላ


ካልጋሪ
መጋቢት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

የሺጥላ፣

በሰላም አናልፈውም።

ቃል ገባሁ ነው ያልከኝ? ምን ዓይነት ቃል ነው የሞተች ልጅ ስም የሚያስፍቅ? ምክንያቱን በአንድ መስመር ጻፍልኝ ብዬ ለመንኩህ፣ አንተ ጭራሽ በነገር ላይ ነገር ደረብክበት። እንግዲያው እኔ የማውቀውን ልንገርህና የቀረውን አንተ ሙላ።

ዐሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ትብለጥን ኩፍኝ ይዟታል፣ ትንፋሿ ያቃጥላል፣ አንተ ታዝላታለህ። መንገድ መሪው እኛን ከእማማና ከአያታችን ጋር ወደፊት ነዳን። አባባና አንተ ከሕመምተኛዋ ጋር ወደ ኋላ ቀራችሁ። ጎህ ሲቀድ ደረሳችሁ። ጀርባህ ባዶ ነበር። አባባ ከራስ ጠጉሩ እስከ እግሩ እርጥብ ነበር፤ ነጠላው ገላው ላይ ተጣብቆ ውኃ ይንጠባጠባል። አስከሬን የነካ ሰው ወንዝ ወርዶ ሳይታጠብ ከሰው እንደማይቀላቀል ሁላችንም እናውቃለን። እማማ ልብሱን እንዳየች ጮኸች። ሞተች ብሎ የነገራት ሰው የለም፤ ያንን እርጥብ ነጠላ አይታ ነው ያለቀሰችው። እኔም እንደዚያው። አርባ ዓመት ሙሉ ያለኝ መርዶ እሱ ነው።

ታዲያ ከዚያ ወዲያ ምን ተፈጠረ? አስከሬኗን ሳትቀብሩ ጥላችኋት መጣችሁ? አውሬ በላት? እሱን ከሆነ የምትደብቀው ንገረኝ፤ አሮጊት ነኝ፣ እችለዋለሁ። የማልችለው ይህንን ዙሪያ ጥምጥም ነው። አጠገቤ ብትሆን ምራቄን እተፋብህ ነበር፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ለናሆሚ ነግሬአታለሁ። መጽሐፉ ላይ ባይኖርም ማይክራፎኑ ፊት ቆማ «ሰባት» ትላለች። «ትብለጥ በመንገድ ሞተች» ትላለች። «ኤንድ ኢፍ አንክል ጌትስ ማድ?» ብላኛለች። ይናደድ አልኳት። ከፋሲካ በፊት እውነቱን ካልጻፍክልኝ ወንድም አለኝ አልልም።

ፀሐይነሽ


ነታንያ
ሚያዝያ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ፀሐዬ፣

ሦስት ጊዜ ጽፌ ቀደድኩት። ይህን ግን እልከዋለሁ፣ ናሆሚ ያንን ከማለቷ በፊት ይድረስሽ።

አባባ የታጠበው አስከሬን ስለነካ አልነበረም። ክርስቲያን ስለነካ ነው።

ምንጭ ዳር ነበርን። ትብለጥ ታቃስታለች፤ መሪው ድምፅዋን ሽፍታ ከሰማ ሁላችሁም ታልቃላችሁ ብሎናል። አንዲት ሴት እንስራ ይዛ ወረደች፣ የምታጠባ ሴት። አየችንና «እቺ ልጅ መንገድ አትችልም፣ ትሞትባችኋለች። ስጡኝ» አለች። አባባ የትብለጥን ግንባር ዳሰሰ። ከዚያ ከጀርባዬ አወረዳትና በራሱ እጅ ሰጣት። ጣቶቻቸው ተነካኩ። ከወገናችን ውጭ የሆነን ሰው ጥላ እንኳ የሚጸየፍ አባታችን፣ ታውቂዋለሽ። ሴትዮዋ ዳገቱን ስትወጣ ትብለጥ በትከሻዋ ላይ ሆና ታየን ነበር። እሱ ወንዝ ወርዶ ታጠበ። ሲወጣ «እናትህ በሕይወት እንዳለች ካወቀች ትመለሳለች፣ ሁላችንም እንጠፋለን። ሞታለች» አለኝ። አስማለኝ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አንዲት ቃል አልተነፈስኩም።

እስራኤል ከገባን በኋላ እናገራለሁ ብዬ ነበር። እሱ ግን ደብተሩ ላይ ጻፈው፣ በፋሲካ እራት ላይ ከኦሪት ቀጥሎ አነበበው፣ እማማም አሜን አለች። ከዚያ በኋላ ማን ደፍሮ ይናገራል?

የቀረውን ሳልጽፍ ብቀር ደስ ይለኝ ነበር። ትብለጥ አለች። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ የጎንደር ነጋዴ በአባባ ስም አፈላልጎኝ ደብዳቤና ፎቶ አመጣልኝ። አርማጭሆ ውስጥ ሰሊጥ ያመርታሉ፤ አራት ልጆች አሏት። አሳዳጊዋ ልትሞት ስትል የአባባን ስም ነገረቻት። ስሟን አልለወጡባትም። መልኳ ቁርጥ እማማ ነው፣ ፎቶውን አብሬ ልኬልሻለሁ። ደብዳቤዋ አጭር ነው። ሰላምታ አቅርባ አንድ ነገር ብቻ ትጠይቃለች፦ «እኔን የመረጣችሁ ለምንድን ነው?»

ደብዳቤዋን ሁለት ዓመት መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት። ሐጋዳው ሲመጣ ሞተች ብዬ ማሳተም አልቻልኩም፤ አለች ብዬ መጻፍም አልቻልኩም። ስለዚህ ሰረዝኳት። አሁን ያልነገርኩሽ የለም።

የሺጥላ


ካልጋሪ
ሚያዝያ 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

የሺጥላ፣

በዓሉን አሳለፋችሁት ወይ ብለህ ለታደሰ የላክህለትን አይቻለሁ። እሱን አትጠይቀው፤ እሱ ሁዳዴ ላይ ስለሆነ ቂጣና መራራ ቅጠል ብቻ በልቶ ነው የወጣው፣ ስለ በዓሉ የሚያውቀው ሆዱ እንደጮኸ ብቻ ነው።

ደብዳቤህን ያነበብኩት አዳራሹ ሽንት ቤት ውስጥ ነው፣ ናሆሚ ልታነብ ሩብ ሰዓት ሲቀራት። አስመለሰኝ። ለአባባል ያህል አይደለም፣ በእውነት አስመለሰኝ፤ የታዋቂ ሰዎች ሚስቶች ፀጉራቸውን እያስተካከሉ በመስታወት ያዩኛል። አፌን ተጉመጥምጬ ወጣሁና ናሆሚን ከመድረኩ ጎን ጎትቼ «ትብለጥ ሞተች አትበዪ» አልኳት።

«ማሚ፣ ዋት? ሦስት ሳምንት ሙሉ ሞተች በዪ ስትዪኝ ነበር! ስድስት ነው ሰባት ነው? ጀስት ቴል ሚ።»

ነገርኳት። በሦስት ዓረፍተ ነገር አለቀ። ልጄ ፊቷ ሲለወጥ አየሁ፤ ስሟ ተጠራና ሄደች።

«ሰባት ሆነን ወጣን» አለች። «ሁለቱ በሱዳን ካምፕ ሞቱ። አራት ሆነን ገባን።» ቀጥላ ልታልፍ ነበር። ያ ሊቀመንበር ግን ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ መጽሐፉን ተከትሎ ያነብ ኖሮ እጁን አወጣ። «ይቅርታ፣ መጽሐፉ ላይ ስድስት ነው የሚለው። አንቺ እንዳልሽው ከሆነ ደግሞ አንድ ሰው ይጎድላል» አለ፣ ስህተት ያገኘ መምህር መስሎ። ናሆሚ አየችው። «የስ» አለችው፣ «አንዷን አባቷ ለሰው ሰጣት። ከዚያ ሞታለች አለ።» በዚያ ስብርባሪ አማርኛዋ፣ በማይክራፎን። ሰው ሁሉ ሹካውን አስቀመጠ። አንዲት ፈረንጅ አሮጊት ምን አለች ምን አለች እያለች ጎረቤቷን ትጎትታለች። እኔ ልጄን ሳያት ኮራሁ፣ ያንን ብቻ ልንገርህ።

አባባን ግን ተጸየፍኩት። ታደሰን አገባሁ ብሎ እንደ ሞትኩ ልብሱን ቀዶ የተቀመጠ ሰው፣ ስልኬን ዐሥራ አራት ዓመት ያላነሳ ሰው፣ የአራት ዓመት ልጁን ለክርስቲያን አስታቅፎ ታጥቦ የመጣ ሰው ነው። እኔን ነክቶ ሊታጠብ እንኳ አልፈለገም። ያን ጊዜ ባይሰጣት ትሞት ነበር ትለኛለህ። አውቃለሁ። ምናልባት በሕይወቱ ከሠራው ሁሉ ትልቁ ሥራ እሱ ነው፤ ያንን ደብቆ ውሸቱን ለፋሲካ አነበበልን። እናቴን ሃያ ዓመት አሜን አስባላት። ይህን እስክሞት ይቅር የምለው አይመስለኝም።

አንተንም ገና ነው። የእኅታችንን ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ ከትተህ ሁለት ፋሲካ ቂጣ ቆርሰሃል። ስልኳን ወይም የልጇን ስልክ ዛሬውኑ ላክልኝ። የምትልከው ቁጥሩን ብቻ ይሁን።

ፀሐይነሽ


ካልጋሪ
ሚያዝያ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለትብለጥ፣

እንዴት ነሽ? ልጆችሽ እንዴት ናቸው? ፀሐይነሽ ነኝ፣ ከአንቺ በላይ ያለሁት። ፀጉርሽን የምሠራሽ፣ እያመመኝ ነው እያልሽ የምትነክሽኝ። ይህን የማስታውሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ያለሁት ካናዳ ነው። ባሌ እንደ አንቺው ክርስቲያን ነው፤ ፎቶሽን አይቶ «እንኳን አገኘናት» ብሎ አለቀሰ።

ደብዳቤሽ ሁለት ዓመት ያለ መልስ በመቅረቱ አፍራለሁ። የዘገየበትን ምክንያት ወንድማችን ራሱ ይጻፍልሽ፤ እኔ አልሸፍንለትም።

እኔን የመረጣችሁ ለምንድን ነው ላልሽው የማውቀውን ብቻ እነግርሻለሁ። ታመሽ ነበር፤ አባታችን ትሞታለች ብሎ ፈራ፣ ሁላችን እንሞታለን ብሎም ፈራ። ሰጠሽ። ከዚያ ሞታለች አለን፣ አመንነው። እናታችን በሕይወት መኖርሽን ሳታውቅ ሞተች። ከዚህ የተሻለ ምክንያት ብፈልግልሽ ውሸት ይሆናል፤ ውሸት ደግሞ በቤታችን በዝቷል።

ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ከእኔው ስሚው። ዘንድሮ የመውጣታችን ታሪክ እዚህ ሊታተም ሲል ስምሽን ከሙታን ጋር ካልጻፋችሁ ብዬ ሁለት ወር የጮኽኩት እኔ ነኝ። ፍቅር መስሎኝ ነበር። አንቺ ሰሊጥሽን ታጭጃለሽ፣ እኔ እዚህ ትሙትልኝ እያልኩ ሰው እሳደባለሁ። ሳስበው ራሴን እጠላለሁ።

ናሆሚ የምትባል ልጅ አለችኝ። ስልክ ልደውልላት ትላለች፤ አማርኛዋ ስብርብር ነው፣ ታገሻት። እኔ ግን ድምፅሽን ለመስማት ገና አልደፈርኩም፣ ስለዚህ በጽሑፍ መጣሁ። መልስ መስጠት አለብኝ አትበዪ። ብትጸየፊንም እውነት አለሽ፤ ብቻ ጽፈሽ ተጸየፊን።

እኅትሽ ፀሐይነሽ